እንግዳና ባለቤት

በአገራችን ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ይቆምና «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ የሚመጣለት መልስ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» የሚል ነው። ይህን ልውውጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ነገር ያስተዋልሁት ግን ዘግይቼ ነው። «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ለመናገር የሚደፍረው ቤቱ በእጁ ያለ ሰው ብቻ ነው። ተቀጥሮ በር የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ለማለት አፉን አይከፍትም፤ ቢከፍትም ቃሉ ባዶ ነው። መስተንግዶ ከእግር ውኃውና ከመሶቡ በፊት የሚነሣው ከባለቤትነት ነው። ባለቤት ያለበት ቤት እንግዳ ይገባዋል። ባለቤት በሌለበት ቤት የሚመጣው ሰው ገበያተኛ ሊሆን ይችላል፣ ተከራይም ሊሆን ይችላል፣ ወራሪም ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ ለመሆን ግን የሚቀበለው የለም።

ይህ ሐሳብ አጥብቆ የሚይዘኝ የካሪቢያን ባሕር ደሴቶችን ታሪክ ሳነብ ነው። እነዚህ ደሴቶች በዓለም ዘንድ የታወቁት በእንግዳ ተቀባይነት ነው። በማስታወቂያው ላይ ነጭ አሸዋ አለ፣ ሰማያዊ ውኃ አለ፣ መጠጥ በትሪ ይዞ የቆመ ፈገግተኛ ሰው አለ። በዚያ ሥዕል ውስጥ ባለቤቱ የቱ ነው? ስለ ሁሉም ደሴቶች በአንድ ትንፋሽ መናገር ለየታሪካቸው ግፍ ስለሚሆን አንዲቱን፣ አንቲጓን፣ እወስዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንቲጓ 280 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ፣ የአዲስ አበባን ግማሽ የምታክል ደሴት ናት። ቋሚ ወንዝ የላትም፤ ዝናቧም የሚታመን አይደለም። በ1493 ክሪስቶፎር ኮሎምበስ በመርከብ በአጠገቧ ሲያልፍ፣ በሴቪል ካቴድራል በምትገኝ የእመቤታችን ሥዕል ስም ሰየማት። በ1632 እንግሊዞች ሰፈሩባት። ከ1674 ወዲህ ኮድሪንግተን የተባለ ባለ እርሻ የሸንኮራ አገዳን ልማት በሰፊው አስያዘ፤ ደኑ ተመነጠረ፤ አፍሪካውያን በመርከብ ሆድ ታጭቀው መጡ። በሰዋስው ትምህርት ባለቤት የምንለው አድራጊውን ነው። የዚህችን ደሴት ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ግሶቹ ሁሉ በ«ተ» ሲጀምሩበት ያገኛል፤ ተገኘች፣ ተሰየመች፣ ተያዘች፣ ተመነጠረች። ዛሬ ደግሞ ተጎበኘች እንላለን። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ድርጊቱ አልጎደለም። የጎደለው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው።

ከደሴቲቱ በስተ ደቡብ እንግሊሽ ሃርበር የሚባል፣ ከማዕበል የተከለለ ወደብ አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከብ መጠገኛ ሠራበት፤ በ2016 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጎብኚ ሁሉ የሚያየው ቦታ ይህ ነው፤ ስሙም የኔልሰን የመርከብ መጠገኛ ይባላል። የባሕር ኃይሉ መኮንን ሆሬሾ ኔልሰን በወጣትነቱ በዚያ ያገለገለው ከ1784 እስከ 1787፣ ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ባሕሩን እየደለደሉ መሠረት የጣሉት፣ የመርከቦቹን ሆድ እየፋቁ የጠገኑት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። በ1744 ማርች 8 ቀን ባሩድ ፈንድቶ ከእነርሱ ስምንቱ በዚያው ሞቱ። አሁን የደሴቲቱ ተመራማሪዎች የዚያን ቀን መታሰቢያ አድርገው፣ በወደቡ ላይ የሠሩትን አፍሪካውያን ስም ከአሮጌ መዝገብ አንድ በአንድ እየለቀሙ ነው። ይህ ሥራ ልቤን ይነካዋል። አንድ መኮንን ሦስት ዓመት አድሮ ቦታውን በስሙ ሲያስጠራ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጨረሱበት ሰዎች ስማቸው ከተወዘፈ ወረቀት መፈለግ ያለበት ሆነ።

አፍሪካውያኑ ግን ዝም ብለው አልተገዙም። በ1736 ኮርት የተባለ፣ ክላስም ይሉት የነበረ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ፣ ገዥዎቹ የንጉሡን የዘውድ በዓል ለማክበር በተሰበሰቡበት አዳራሽ ባሩድ ለማፈንዳትና ደሴቲቱን ለመያዝ አሰበ። ነገሩ ቀድሞ ታወቀ፤ 88 ሰዎች ተገደሉ። 77ቱ በእሳት ተቃጥለው ነው የሞቱት። ከተቃጠሉት አንዱ ሄክተር የሚባል፣ አይዛክ ሮያል በተባለ ባለ እርሻ ቤት በባርነት ይኖር የነበረ ሰው ነው። ሮያልም ብዙ ሳይቆይ ሀብቱን ጠቅልሎ ወደ ማሳቹሴትስ ሄደ። ልጁ ሲሞት ከዚያ ሀብት የተናዘዘው ገንዘብ በሃርቫርድ የመጀመሪያው የሕግ ፕሮፌሰር ወንበር እንዲቋቋም አደረገ። የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት የሮያልን ቤተሰብ ዓርማ በጋሻው ላይ ይዞ እስከ 2016 ድረስ ቆየ፤ በ2019 የአንቲጓ ጠቅላይ ሚኒስትር ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጽፈው ካሣ ጠየቁ። ሰው ያለ እውነተኛ ፍርድ ከሚቃጠልባት ደሴት የወጣ ገንዘብ ለፍርድ ትምህርት ወንበር ሆነ። ቅኝ ግዛት ትቶት የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን ይዞት የሚሄደውንም መቁጠር አለብን የምለው ለዚህ ነው።

ባርነት በ1834 ኦገስት 1 ቀን ቀረ። የእንግሊዝ መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈለ፤ የተከፈለው ለባሪያ ባለቤቶች ነው። ለዚሁ የተበደረውን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰው በ2015 ነው። ለተፈቱት ሰዎች ግን ሰባራ ሳንቲም አልደረሳቸውም። በሌሎቹ የእንግሊዝ የካሪቢያን ደሴቶች የተፈቱት ሰዎች «ለማጅ» እየተባሉ ለዓመታት በነፃ እንዲሠሩ ሲገደዱ፣ አንቲጓ ይህን ሳትከተል በአንድ ቀን ነፃ አወጣች። ሲሰሙት ደግነት ይመስላል። ባለ እርሻዎቹ ግን ሂሳቡን አስልተውታል፤ በዚያች ጠባብ ደሴት ያልተያዘ መሬት የለምና ነፃ የወጣው ሰው የሚሄድበት አልነበረውም። ማደሪያ ጎጆው እንኳ የቆመው በጌታው መሬት ላይ ነው። ሥራ ያልወጣ ከጎጆው ይባረራል። ስለዚህ ባሪያን ዓመቱን ሙሉ ከመቀለብ ነፃ ሰውን በቀን ሠራተኛነት መቅጠር ይረክስ ነበር። ነፃነት ያለ ርስት ሲሰጥ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ የአንቲጓን 1834 ይመልከት።

ያንን ቀንበር ለመስበር የተነሣ ትውልድ ከመቶ ዓመት በኋላ መጣ። የአንቲጓ የሠራተኞች ማኅበር በ1939 ተመሠረተ፤ ከ1943 ጀምሮ መሪው ቪሪ ኮርንዋል በርድ የተባለ ሰው ሆነ። በ1951 ቤተስዳ በምትባል መንደር፣ ከአንድ የሮቃ ዛፍ ሥር፣ በርድና የሸንኮራ ሠራተኞቹ ከባለ እርሻዎቹ ወኪል ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። አስርባችኋለሁ ላላቸው ወኪል ከባሕር ዳር ዛጎል እየለቀምን፣ የዱር ቅጠል እየቀቀልን እንኖራለን፣ ሥራችሁን ግን አንነካም ብለው መለሱ፤ አደረጉትም። ያ ዛፍ በሕዝቡ ዘንድ እንደ ታቦት ማደሪያ ይከበራል። ስለ በርድ ቤተሰብ ከዚህ በታች የምጽፈው መራራ ነውና አንባቢዬ ይህን የሮቃ ዛፍ እንዳይረሳብኝ አደራ እላለሁ። ሰውየው በእውነት ለድሃው ቆሞ ነበር።

ሸንኮራው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሰመ። በምትኩ ቱሪዝም መጣ። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጦር አውሮፕላኖቻቸው የሠሩት ሜዳ የሲቪል አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ፤ በ1985ም በበርድ ስም ተሰየመ። ደሴቲቱ 365 የባሕር ዳርቻዎች አሏት ተብሎ ለየዕለቱ አንድ እንደሚደርስ ተነገረ። በኖቬምበር 1981 ነፃ አገር ስትሆን በርድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር።

እዚህ ላይ የቃላችንን ድምፅ ልብ እላለሁ። ቅኝ ግዛት ስል ጆሮዬ ቅኝትን ይሰማል። ክራር አንድ ጊዜ በአንድ ቅኝት ከተቃኘ፣ የቃኘው ሰው ተነሥቶ ቢሄድና ሌላ ሰው ቢቀመጥበት፣ አዲሱ ሰው ጅማቶቹን ፈትቶ እንደገና እስካልወጠራቸው ድረስ የሚወጣው ዜማ ያው ነው። የአንቲጓ ምጣኔ ሀብት ጅማቶቹ አልተፈቱም። በስኳር ዘመን ምርቱ በሙሉ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር፤ ምግቡ፣ መሣሪያው፣ ልብሱ ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ትርፉ ለንደን ያድር ነበር። በቱሪዝም ዘመንም ጎብኚው የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ዋጋ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በራሱ አገር ለሚገኝ ኩባንያ ይከፍላል። ሆቴሉ የሚያቀርበውን ሥጋ፣ ቅቤ፣ አልጋ ልብስና ቧንቧ ከውጭ ያስመጣል። ለመጣው ዕቃ ቀረጥ፣ ለተገኘው ትርፍ ግብር ለብዙ ዓመት ይማርለታል። የመዝናኛ መርከብ ሲቆም ሺዎች ይወርዳሉ፤ የሚተኙትም የሚበሉትም መርከቡ ውስጥ ስለሆነ ከተማ ውስጥ የሚያጠፉት ጥቂት ሰዓትና ጥቂት ዶላር ነው። መርከቦቹ የሚቆሙበትን የሴንት ጆንስ ወደብ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ለ30 ዓመት ውል የያዘ የውጭ ኩባንያ ነው። በደሴቲቱ የሚቀረው የአልጋ አንጣፊዋ፣ የሾፌሩ፣ የአሳላፊው ደመወዝ ነው። ይህን ደመወዝ አልንቅም፤ ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት ያሠራል። በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ አውሮፕላንና መርከብ ሲያቆም ግን ከኢኮኖሚዋ ግማሽ የሚበልጠው በቱሪዝም ላይ የቆመባት ደሴት በስንት ቀን ውስጥ ባዶ እጇን እንደቀረች ዓለም አየ።

አሁን ወደ ሙስና ልምጣ። ሙስና የሚለው ቃል ሥሩ ግእዝ ነው፤ ማሰነ ማለት ጠፋ፣ ፈረሰ፣ ተበላሸ ማለት ነው። አባቶቻችን በዚህ ቃል ሲጠቀሙ ጉቦን ብቻ አላሰቡም፤ የሥጋን መበስበስ፣ የነገርን ከውስጥ መፍረስ አስበው ነበር። ስለ ደሴቶቹ ሙስና የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁሉንም በቅኝ ገዥው ራስ ላይ ይጥሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የእኛው ነው፤ ከለንደን አልመጣልንም። ሹም መብላት የጀመረው የትም አገር ነው። ጥያቄው ሹሙ የሚበላው ምንድን ነው የሚል መሆን አለበት። ጎተራ ያለበት አገር ሹም ከጎተራው ይበላል። አንቲጓ ግን ጎተራዋ ውጭ ነው። በእጇ የቀረው ዋና ሀብት አንድ ነው፤ በሩ። ማን ይገባል፣ ማን ያልፋል፣ በማን ስም ወረቀት ይፈረማል የሚለው ሥልጣን። ራሷን ማስተዳደር ስትጀምር ያገኘችው ያንን ነው።

በድሮው ግብር ቤት አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበር። ግብሩን አያበላም፤ አዳራሹም የእርሱ አይደለም፤ ግን ማን እንደሚገባና ማን ደጅ ሲጠና እንደሚውል የሚወስነው እርሱ ስለሆነ እጅ መንሻው ወደ እርሱ ይሄድ ነበር። የአንቲጓን የሙስና ታሪክ ስመረምር በየገጹ የማገኘው አጋፋሪን ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ስፔስ ሪሰርች የተባለ የመድፍ ኩባንያ አንቲጓ ላይ የመሞከሪያ ቦታ ተሰጠው። በዚያው ሽፋን የመድፍ ጥይት በደሴቲቱ በኩል አልፎ ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የባሮች የልጅ ልጆች የሚያስተዳድሯት ደሴት በር፣ ጥቁሮችን ለሚረግጥ ሠራዊት መተላለፊያ ሆነ። ከዚህ የሚበልጥ ሐዘን አላውቅም። በ1989 ደግሞ ለአንቲጓ መከላከያ የተገዙ ናቸው የተባሉ ጠመንጃዎች ከእስራኤል ተጭነው መጡ፤ ወደ ሌላ መርከብ ተዛውረው ወደ ኮሎምቢያ ተሻገሩ፤ የሜደሊን የኮኬይን ነጋዴዎች አንዱ መሪ ከነበረው ከሮድሪጌዝ ጋቻ እርሻ ተገኙ። በ1990 ሉዊ ብሎም ኩፐር የተባሉ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ጉዳዩን መርምረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጅ፣ ሚኒስትር የነበረው ቪሪ በርድ ትንሹ፣ ዳግመኛ የሕዝብ ሥልጣን እንዳይዝ ሐሳብ አቀረቡ። ወንድሙ ሌስተር በአባታቸው እግር ተተክቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ግን ሰውየው ተመልሶ ሚኒስትር ሆነ።

የአሌን ስታንፎርድ ታሪክ ከዚህ ይረዝማል። ይህ ቴክሳሳዊ ባንኩን አንቲጓ ላይ ተከለ፤ ለመንግሥት አበደረ፤ ጋዜጣ፣ ምግብ ቤት፣ የክሪኬት ሜዳ ያዘ፤ በ2006 የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ለአስቀማጮቹ ከፍ ያለ ወለድ ይከፍል የነበረው ከአዳዲስ አስቀማጮች ገንዘብ እየቀዳ ነበር። በ2009 ሲያዝ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ገንዘብ የገባበት አልታወቀም፤ በ2012 አሜሪካ ላይ 110 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ባንኩን እንዲቆጣጠር የተሾመው የአንቲጓ ሹም ሌሮይ ኪንግ ጉቦ እየበላ፣ የአሜሪካ መርማሪዎች በምስጢር የጻፉለትን ደብዳቤ ለስታንፎርድ ያቀብል ነበር፤ ተላልፎ ተሰጥቶ በ2021 አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። የስታንፎርድ የገንዘብ ኃላፊ የነበረው ሰው፣ ስታንፎርድና ኪንግ በደም የወንድማማችነት መሐላ እንደፈጸሙ ለፍርድ ቤት መስክሯል። ሹሙ ቃል ኪዳኑን ከአገሩ ሕዝብ ጋር ማድረግ ሲገባው በሩን ካስከፈተው ሰው ጋር አደረገ።

ከ2013 ወዲህ ደሴቲቱ ገንዘብ ለሚያፈስስ የውጭ ሰው ፓስፖርት ትሰጣለች። ይህ በሕግ የወጣ ነውና ከሙስና አልደምረውም። ቅርጹ ግን አንድ ነው። የጥይቱ ማለፊያ ወረቀት፣ የጠመንጃው የግዥ ማረጋገጫ፣ የባንኩ ፈቃድ፣ ፓስፖርቱ፣ ሁሉም ፊርማ ናቸው። የሚሸጠው የአገሪቱ ስም ነው።

የበሩ ገበያ ሲደራ ቤቱ ውስጥ ምን ይሆናል? በ1974 በመሬት መንቀጥቀጥ የሴንት ጆንስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተጎዳ። መጻሕፍቱ ለጊዜው ተብሎ ከአንድ ሱቅ በላይ ወዳለ ክፍል ተወሰዱ። በዚያች ከተማ ተወልዳ ያደገችውና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ አሜሪካ ለሞግዚትነት የተላከችው ደራሲ ጃማይካ ኪንኬይድ በ1988 «ኤ ስሞል ፕሌስ» የተባለ ቀጭን መጽሐፍ አሳተመች። ስለ ጎብኚው፣ ስለ እንግሊዝና ስለ ራሷ ወገን ሹማምንት በእኩል ቁጣ ጻፈች፤ ያንን ያልተጠገነ ቤተ መጻሕፍትም የነገሩ ሁሉ ምስክር አድርጋ አቆመችው። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ2014 ነው። አርባ ዓመት! በእነዚያ አርባ ዓመታት ሆቴል ተሠርቷል፣ ባንክ ተሠርቷል፣ የክሪኬት ሜዳ ተሠርቷል። ቤተ መጻሕፍት ጎብኚ የማይፈልገው፣ ባለቤት ብቻ የሚፈልገው ነገር ስለሆነ ጠባቂ አላገኘም። አንድ አገር ለማን እንደተሠራ ማወቅ የፈለገ ሰው ከሆቴሎቹ ይልቅ ቤተ መጻሕፍቱን ይይ።

የደሴቲቱ ሹማምንት መልስ የላቸውም ማለት አይደለም። ወንዝ የላትም፣ ማዕድን የላትም፣ ሕዝቧ 100,000 ገደማ ነው፣ አውሎ ነፋስ በየጊዜው ይገለብጣታል፤ ከባሕር ዳርቻና ከፊርማ ሌላ ምን እንሽጥ? ይላሉ። ይህ ክርክር ክብደት አለው። የስኳር ገበያውን የፈጠሩት ዘግተውት ሄደዋል፤ ካሣ አልከፈሉም፤ ደሴቲቱ የውጭ አበዳሪ ደጅ ስትጠና ፈራጆቹ ራሳቸው ናቸው። የካሪቢያን መንግሥታት በ2013 የካሣ ኮሚሽን ማቋቋማቸው ተገቢ ነው እላለሁ። ነገር ግን ድህነት በሩን መክፈትን እንጂ የበሩን ዋጋ ለቤተሰብ ማካፈልን አያስገድድም። በሮቃው ዛፍ ሥር ዛጎል ለቅመን እንኖራለን ያሉት ሰዎች ከዛሬዎቹ ይልቅ ድሆች ነበሩ።

ስለ እንግዳና ስለ ባለቤት ስጽፍ የራሳችንን ደጅ ሳላይ ባልፍ ያሳፍረኛል። በእነዚያ ደሴቶች ባለቤት አልባ መሆን የመረራቸው ሰዎች ቤት ፍለጋ ዓይናቸውን የጣሉት ወደ ኢትዮጵያ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1966 ኤፕሪል 21 ቀን ጃማይካ፣ ኪንግስተን ሲያርፉ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት ዛሬም ይተረካል። ቀድሞ በ1948 ለጥቁር ሕዝብ ተብሎ ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ መሬት ተሰጥቶ ነበርና ከጃማይካም ከሌሎቹም ደሴቶች እየመጡ ሰፈሩ። «ቤት የእግዜር ነው» አልናቸው። ግን ወልደው፣ ከብደው፣ አርጅተው፣ ብዙዎቹ ሞተው ሳለ ከአገሩ ሰው የሚቆጠሩበት ወረቀት አልነበራቸውም፤ የነዋሪነት መታወቂያ መስጠት የተጀመረው በ2017 ነው። እዚሁ ተወልደው ያደጉትን ልጆች ለአሥርተ ዓመታት እንግዳ እያልን ቆየን። በአንድ በኩል አምስት ቀን ላልኖረባት ሰው ፓስፖርት የምትሸጥ ደሴት አለች፤ በሌላ በኩል ዕድሜውን ለኖረባት ሰው መታወቂያ የነፈገች አገር ነበረች። ሁለቱም ባለቤት ማነው የሚለውን ጥያቄ ተሳስተው መልሰውታል።

አንቲጓ ግን እኅት አለቻት፤ ባርቡዳ። ሁለቱ በአንድ መንግሥት ሥር ናቸው። ባርቡዳ ጠፍጣፋና ደረቅ ስለሆነች ለሸንኮራ አልተመቸችም፤ የኮድሪንግተን ቤተሰብ ከ1685 ጀምሮ ከዘውዱ ተከራይቶ ይይዛት ነበር። ባርነት ሲቀር በቦታው የነበሩት ሰዎች መሬቱን በጋራ ይዘው ቀሩ። ከብት በጋራ ሜዳ ይለቃሉ፣ በሚበቃቸው ቦታ ጎጆ ይቀልሳሉ፣ ያርሳሉ፤ መሬት አይሸጥም ነበር። የወሎንና የጎንደርን ርስት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በ2007 የወጣ ሕግም ይህንኑ አጸናላቸው፤ መሬቱ የባርቡዳ ሕዝብ የጋራ ንብረት ነው፤ ትልቅ ግንባታ የሚቆመው የብዙኃኑ ፈቃድ ሲገኝ ነው አለ። እኔ እንዳየሁት በዚያ ባሕር «ቤት የእግዜር ነው» ለማለት የሚችሉ ሰዎች የነበሩት እነዚህ 1,600 ገደማ ነፍሳት ናቸው።

በ2015 መንግሥት የሆሊዉዱ ተዋናይ ሮበርት ደኒሮ ከሸሪኩ ጋር ለሚሠራው ሆቴል 198 ዓመት የሚዘልቅ ሊዝ በልዩ ሕግ አጸደቀ። በ2017 ሴፕቴምበር 6 ቀን ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ባርቡዳን ገለበጣት፤ ሌላ አውሎ ነፋስ ይከተላል ተብሎ ነዋሪው በሙሉ ወደ አንቲጓ ተሻገረ። ደሴቲቱ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አልባ ሆነች። ሰዎቹ ገና በመጠለያ ሳሉ ቡልዶዘሮች ለአዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ደን መመንጠር ጀመሩ፤ ብዙ ወራት ሳይቆይ የመሬቱ ሕግ ተለውጦ መሬቱ ለግል ይዞታ ተከፈተ። መንግሥት ባዶ መሬት ዋስ ሆኖ ብድር ካላመጣ ቤት አይሠራም፣ ሥራ አይገኝም ብሎ ተከራከረ። ባርቡዳውያን ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ።

የአንቲጓና ባርቡዳ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ዛሬም ለንደን የሚቀመጠው ፕሪቪ ካውንስል ነው። በኖቬምበር 2018 ሕዝቡ ይህን ትቶ ወደ ካሪቢያኑ ፍርድ ቤት ይዛወር ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ እምቢ አለ፤ ነፃ ከወጣ 37 ዓመት ያለፈው ሕዝብ ከራሱ ሹማምንት ይልቅ የቀድሞ ገዥውን ዳኛ አመነ። ይህ ለሹማምንቱ የተሰጠ ፍርድ ይመስለኛል። ያ የታመነው ችሎት በ2022 ባርቡዳውያን በመሬቱ ላይ በሕገ መንግሥት የሚጠበቅ የንብረት መብት የላቸውም ሲል ወሰነ። በፌብሯሪ 2024 ደግሞ ሁለት የደሴቲቱ ነዋሪዎች ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ግንባታ ሕጋዊነት የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ፈረደላቸው። ያገኙት የመጠየቅ መብት ነው። ፍርዱ ሲነበብ መንደርደሪያው ተነጥፎ ነበር።